የኋላ ጎማዬ አልቋል፣ ምን ልግጠም?

በሞተረኞች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት ጥያቄ አጭር ነበር። ሞተሬ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ናት፣ የእ.ኤ.አ. 2012 ሥሪት። የኋላ ጎማዋ አልቋል። ልኩ 130/80-17 ነው፤ ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎን ቁመቱ ከስፋቱ በመቶኛ፣ ቸርኬው በኢንች። ቸርኬዋ ባለሽቦ ስለሆነ ውስጡ ከመነዳሪ፣ ንፋሱን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ አለ። ግማሹን አስፋልት፣ ግማሹን ፒስታ ነው የምነዳው ብዬ ጻፍኩ። ኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80 ልገዛ አስቤያለሁ፣ ምን ትላላችሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቲኬሲ 80ን የመረጥኩት መልኩን ወድጄው ነው። ትልልቅ ጥርሱ ሞተሯን በረሃ ልታቋርጥ የተነሳች ያስመስላታል። ይህን ግን አልጻፍኩም። ያለቀውን ጎማ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን አንስቼ ሁለት ፎቶ ለጠፍኩና ተኛሁ።

አራት አምስት ሰው መልሶልኝ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተደረደረው የመልስ ሰንሰለት፣ 31 ደረሰ። ሁሉንም ቁጭ ብሎ የሚያነብ ስለማይኖር፣ በተራ ልተርከው።

መልስ 1። ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀደመና ምርጫዬን ደገፈ። በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው ጎማ ልል አፈር ላይ ቆንጥጦ እንደሚይዝ ነገረኝ። ባለትልልቅ ጥርስ ጎማ ሁሉ ግን አስፋልት ላይ ቶሎ እንደሚያልቅ ከወዲሁ እንዳውቀው አሳሰበ። ያ ካላስቆጨኝ ልገዛው እንደምችል ነግሮኝ መልካም ጉዞ ተመኘልኝ።

መልስ 2። ሚታስ ኢ07ን አነሳ። ጥርሶቹ ከቲኬሲው ይልቅ ቀረብ ቀረብ ያሉ ስለሆኑ ለረጅም መንገድ እንደሚሻል ጻፈ። ዳካር የሚባለው ዓይነቱ ጎኑ ጠንከር ያለ ነውና ሻንጣ ለሚያበዛ ሰው እንደሚሆንም ጨመረ።

መልስ 3። ሃይደናው ኬ60 ስካውት። አለቀ። ሰላምታ የለ፣ ምክንያት የለ። እንዲህ ያለ ሰው ከየትኛውም ክር አይጠፋም። ዝም ብዬ አለፍኩት።

መልስ 4። ጥያቄን በጥያቄ መለሰ። ክብደቴን ጠየቀ። ሰው እጭን እንደሆነ፣ ሻንጣ እጭን እንደሆነ፣ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምነዳ፣ ዝናብ ላይ እወጣ እንደሆነ ጠየቀ። የመርማሪ ጥያቄ መሰለኝና ዘለልኩት። ከሁሉም በፊት መመለስ የነበረብኝ ለእሱ ነበር።

መልስ 5። ረጅም ነው፣ ግን ያዋጣል። 50/50፣ 80/20 የሚባለውን ነገር በታተነው። የመጀመሪያው ቁጥር አስፋልት፣ ሁለተኛው ከአስፋልት ውጭ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የማናውቀው ቁጥሩን የሚለጥፈው እያንዳንዱ አምራች በራሱ ሚዛን መሆኑን ነው። የአንዱ 50/50 የሌላው 70/30 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ጎማውን ከላይ እንዳየው መከረኝ። ላስቲኩ ስንት እጅ ነው፣ ባዶው ስንት እጅ? አስፋልቱን የሚነካው ላስቲኩ ነው። ባዶው ደግሞ ጭቃና ጠጠር የሚገባበት፣ ጥርሱም የሚነክስበት ቦታ ነው። ጥርስ ረጅም ሲሆንና ለብቻው ሲቆም፣ ነዳጅ በሰጠህና ፍሬን በያዝክ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፋል። ሲተጣጠፍ ይሞቃል። ሲሞቅ ያልቃል።

ይኸው ሰው የጎማዬን ጎን አይቶ 65S የሚለውንም ተረጎመልኝ። 65 ማለት ጎማው እስከ 290 ኪሎ ይሸከማል፣ S ማለት ደግሞ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቀድለታል ማለት ነው። ባለትልልቅ ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ፊደል ይይዛሉ። Q ከሆነ 160፣ M ከሆነ 130 ነው። የምገዛው ጎማ ፊደል ሞተሯ ከምትሮጠው በታች እንዳይሆን አስጠነቀቀኝ።

መልስ 6። አንድ አንጋፋ ሞተረኛ ናቸው። ሌሎቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። እሳቸው ጥያቄዬን ትተው ፎቶዬን አነበቡ። የጎማው መሃል እንደ ጠረጴዛ ተደልድሏል አሉ። ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ጥርሶች ግን ገና አዲስ ናቸው። እንዲያውም ጎማው ሲሠራ ከቅርጹ ማስተንፈሻ ቀዳዳ የሚወጡት የላስቲክ ፀጉሮች አልረገፉም። እንዲህ ያለ ጎማ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ፣ ቀጥ ብሎ የተነዳ ጎማ ነው። ግማሹን ፒስታ እነዳለሁ ማለቴን ጎማዬ እንደማይመሰክርልኝ በጨዋ ቋንቋ ጻፉ።

ይህን ሳነብ ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ተንበርክኬ አየሁ። እውነትም ፀጉሮቹ አሉ። ጣቴን ሳሳልፍባቸው ይተኛሉ፣ ሳነሳው መልሰው ይቆማሉ። ዕድሜ ልኩን አፈር ነክቶ የማያውቅ ፀጉር።

እሳቸው አላበቁም። ከጎን ያነሳሁት ፎቶ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብበዋል። 1115 ይላል። ጎማው የተሠራው በእ.ኤ.አ. 2015 በ11ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። በጥርሶቹ ሥር የሚታዩት ስንጥቆችም የእርጅና ናቸው። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት እንደሚመክሩ አስታወሱኝ። አዲስ ስገዛም መጀመሪያ እነዚያን አራት አኃዞች እንዳይ አዘዙ። መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ ከሩቁ አዲስ ይመስላል።

መልስ 7። ይህኛው ጨዋነት አያውቅም። ውሸት ይዤ መጥቼ የሰው ጊዜ እንደበላሁ ጻፈ። የት እንደሚነዳ የማያውቅ ሰው ጎማ ሳይሆን ካርታ እንደሚያስፈልገው አከለ። ትንሽ አመመኝ። ግን አባባሉ ሳያስቀኝ አልቀረም።

መልስ 8። ተከላከለልኝ። ዱዋል ስፖርት፣ ማለትም ለአስፋልትም ለፒስታም የተሠራ ሞተር፣ የገዛ ሰው ሁሉ 50/50 እንደሚል፣ ይህ ውሸት ሳይሆን ምኞት እንደሆነ ጻፈ።

መልስ 9። ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ጋሼን በአክብሮት ተቃወመ። ፒስታ ላይ የሚነዳ ሰውም ቢሆን ሞተሩን እንደ አስፋልት ኩርባ አጋድሞ አይነዳም፣ ስለዚህ የጎን ፀጉር መኖር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ነው ክርክሩ። ልክ ነው፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር። እንደምንም ነፃ የወጣሁ መሰለኝ።

መልስ 10። ጋሼ ተመለሱ። ተቃውሞውን ተቀበሉ። ቀጥለው የመሃሎቹን ጥርሶች ጠርዝ እንድንመለከት ጋበዙን። ጠጠር ላይ የዞረ ጎማ ጠርዙ ይቆራረጣል፣ ድንጋይ የበላው ትንንሽ ጉርድ ይታይበታል። የእኔ ጠርዞች ግን እንደ ሳሙና ተሟልጠዋል። ክርክሩ አለቀ።

መልስ 11 የራሴ ነው። ያለፈውን ወር ጉዞ ቁጭ ብዬ ደመርኩ። በድምሩ 1,140 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ፣ ከዚያ ውስጥ ፒስታው 130 ነው። ከመቶ 11 ገደማ። ቁጥሩን ጻፍኩና ይቅርታ ጠየቅሁ። የመልስ 4ንም ጥያቄዎች አንድ በአንድ መለስኩ። ሰው አልጭንም፣ ሁለት የጎን ሻንጣ አለኝ፣ ዝናብ አይመርጠኝም።

ክሩ የጋለው ከዚህ በኋላ ነው።

መልስ 12። ጎማ የሚመረጠው ብዙ ለምትነዳበት መንገድ ሳይሆን ለክፉው ቦታ ነው የሚል ሰው ነው። 130ዋ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ጭቃ የሞላበት ዳገት ካለ፣ ወደ ኋላም መመለስ ካልተቻለ፣ የቀረው 1,000 ኪሎ ሜትር ምቾት ምን ይሠራል? ስለዚህ ባለትልልቅ ጥርሱን ልግዛ፣ ቶሎ ቢያልቅም ልቻለው።

መልስ 13። ፍጹም ተቃራኒ። ጭቃ ላይ የሚወድቅ ሰው በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው የሚወድቀው፣ ልብሱን አራግፎ ይነሳል። ዝናብ የዘነበበት አስፋልት ላይ በ80 እየሄደ ድንገት ፍሬን የሚይዝ ሰው ግን የሚያስፈልገው ብዙ ላስቲክ መሬት የነካ ጎማ ነው። ክፉው ቦታ የቱ እንደሆነ መልስ 12 እንዲያስብበት በነገር ወጋው።

ከ14 እስከ 17 ያለው የሁለቱ ጠብ ነው፣ መካከል ላይ ሌሎች እየገቡበት። አንዱ ሌላውን ከቤት የማይወጣ አለው። ያኛው ደግሞ ሞተሩን ከመንዳት ይልቅ ከጭቃ ሲያወጣ የሚውል ብሎ መለሰ። እኔ በልቤ ለ13 ፈረድኩ። ጭቃ ላይ ሦስቴ ወድቄያለሁ፣ ከአንድ የታጠፈ የፍሬን እጀታ በቀር የደረሰብኝ የለም። እርጥብ አስፋልት ላይ አንዴ ብቻ የኋላዋ ሸርተት ብላ ተመልሳለች። እስካሁን የማስታውሰው ያቺን ነው።

በጠቡ መሃል 15ኛው አንድ የሚጠቅም ሐሳብ ጣል አድርጎ ሄደ። ከፊት ባለትልልቅ ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ለአስፋልት ያደላ ጎማ ማድረግ። ልል አፈር ላይ የኋላው ቢንሸራተት በነዳጅ ይገራል፣ የፊቱ ከሸሸ ግን ወዲያው መሬት ነህ። ከኋላ የሚፈጀው ጎማ ደግሞ ጠንካራው ቢሆን ያዋጣል። 16ኛው ይህን አልወደደም። አምራቾች ጎማ የሚሞክሩት ከፊትና ከኋላ በጥንድ ነውና እኛ ማን ሆነን እንቀላቅላለን አለ። 17ኛው ላይ ጋሼ ገቡ። የጥርስ መቀላቀል ብዙም እንደማያስጨንቃቸው፣ የሚያስጨንቃቸው የውስጥ አሠራሩ እንደሆነ ጻፉ። በልኩ ውስጥ R ካለ ራዲያል ነው፣ የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚሄዱ። ሰረዝ ብቻ ካለ ባያስ ነው፣ ክሮቹ አግድም የሚጠላለፉ። ከፊት ራዲያል፣ ከኋላ ባያስ ማድረግ አይገባም። የተገላቢጦሹን ደግሞ አምራቹ ፈቅዶ እንደሆነ መጠየቅ ነው። የእኔ ሁለቱም ባለሰረዝ ናቸው፣ ተገላገልኩ።

መልስ 18። ሁሉንም ረስቼ ደንሎፕ ዲ606 እንድገዛ መከረ። ለ17 ቸርኬ የሚመጣው በ130/90 ልክ ነው፣ ከእኔ ከፍ ይላል። 19ኛው ወዲያው ተነሳ። ከፍ ያለ ጎማ ከገጠምኩ የፍጥነት መቁጠሪያዬ እንደሚዋሸኝ አስጠነቀቀ። 20ኛው ደግሞ 19ኛውን አረመው። በዚህች ሞተር የፍጥነት መቁጠሪያው የሚዞረው ከፊት ቸርኬ ነው፣ የኋላው ጎማ አይመለከተውም። ከዚያ ስሌቱን ሠራልን። የእኔ ጎማ የጎን ቁመት የ130 ሰማንያ በመቶ፣ ማለትም 104 ሚሊ ሜትር ነው። የዚያኛው የ130 ዘጠና በመቶ፣ 117 ሚሊ ሜትር። ሞተሯ ከኋላ 13 ሚሊ ሜትር ከፍ ትላለች። የጎማው ዙሪያ ደግሞ በ4 በመቶ ይጨምራል፣ ዳገት ላይ ትንሽ ትከብዳለች። ከመግዛቴ በፊት በጎማውና ከፊቱ ባለው ብረት መካከል ያለውን ክፍተት በጣቴ እንድለካ ነገረኝ። እግሬም ቁመቴም አጭር ነው። 13 ሚሊ ሜትር ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ከ21 እስከ 25 ስለ ጎማ አይደለም። አንድ ሰው ፎቶዬ ጥግ ላይ ካቴናዬን፣ የኋላ ቸርኬውን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ አየ። ደርቋል፣ ዝጓል፣ ላልቷል አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ክሬን ካቴና ወሰደው። አንዱ የማርሽ ዘይት ይቀባል። ሌላው ሰም የሚመስለውን በጣሳ የሚነፋ ነገር ካልሆነ አይሆንም ይላል። ሦስተኛው በየመጋጠሚያው ያሉት የላስቲክ ቀለበቶች ግራሶውን ውስጥ እንደሚይዙት፣ ከውጭ የሚቀባው በዋናነት ለዝገት እንደሆነ አስረዳ። ቤንዚን ቀለበቶቹን ስለሚጎዳ በላምባ ብቻ እንዲታጠብም ለመነ። 25ኛው ተቆጣ። ይህ የጎማ ክር ነው፣ ካቴና የፈለገ ሌላ ክር ይክፈት አለ። የሰማው የለም።

መልስ 26። ወደ ቤታችን መለሰን። ምንም ጎማ ብገዛ ንፋሱን ካልለካሁ ዋጋ እንደሌለው ጻፈ። የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሳት በፊት ነው። ፒስታ ላይ ወደ 20 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1.4 ባር ገደማ ያወርደዋል። አስፋልት ሲደርስ በትንሽ መንፊያ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አብዝቶ ካወረደው ድንጋይና ቸርኬ ከመነዳሪውን በመካከላቸው ይጨፈልቁታል፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣዋል። ሌላም አለ። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይጎትተዋል፣ ቫልቩ ከሥሩ ይገነጠላል። ለዚህ ነው የቫልቩን ትንሽ ዳዶ ወደ ቸርኬው የማያጠብቀው። ወደ ላይ፣ ወደ ክዳኑ ያስጠጋዋል። ቫልቩ ዘንበል ብሎ ካየው ከመነዳሪው መጎተቱን ያውቃል፣ ንፋሱን አስወጥቶ ያስተካክለዋል። ስንት ዓመት ያቺን ዳዶ በፒንሳ ሳጠብቅ ኖሬያለሁ!

መልስ 27። ጋሼ ጎማ አገጣጠም ጻፉ። ጎሚስታ ጋ ሄጄ እንዳስገጥም ጠብቄ ነበር፣ እሳቸው ግን ሜዳ ላይ ቢተነፍስብኝስ ብለው ራሴ እንድለማመድ ፈለጉ። አዲሱን ጎማ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማለስለስ። ጠርዙን በሳሙና ውኃ ማራስ። ከመነዳሪው ቅርጹን እንዲይዝ ጥቂት ንፋስ መስጠት። ከዚያ ዋናው ነገር፣ በጎማ ማስገቢያው ብረት በምታስገባበት ተቃራኒ በኩል የጎማውን ጠርዝ በጉልበት ተጭኖ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ማውረድ። ጉልበቱ ካልተጫነ ክንድ ብቻውን አያስገባውም። ብረቱን በትንሽ በትንሹ ማራመድ፣ በተለይ የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ። ከመነዳሪ የሚበሳው እዚያ ነው።

መልስ 28 የእኔ ነው። ሃይደናው ኬ60 ስካውትን ገዛሁ። አዎ፣ ያ ሰላምታ እንኳ ያልሰጠኝ 3ኛው ሰው የጻፈውን። ሰፋ ባሉት የኋላ ልኮቹ መሃሉ ላይ ሳይቆራረጥ የሚዞር የላስቲክ መስመር አለው። እኔ ደግሞ የምፈጀው መሃሉን እንደሆነ ጎማዬ በአደባባይ መስክሯል። ጎኑ ላይ ያሉት ጥርሶች ለ11 በመቶዬ ይበቃሉ። ዶቱን አየሁ፣ አዲስ ነው። ገጠምኩት። የመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ቸኮልኩ። ብረቱን አንድ ጊዜ በትልቁ ገፋሁት፣ ጎማው ጧ ብሎ ገባ፣ ደስ አለኝ። ጠዋት ስነሳ መሬት ላይ ተኝቷል። ከመነዳሪውን አወጣሁት፣ ሁለት ቦታ ለጠፍኩት፣ መለስኩት። ይህን ሁሉ ጻፍኩና የተገጠመውን ጎማ ፎቶ አያያዝኩ።

መልስ 29። 12ኛው ሰው ነው። ጥርሱ አነሰ አለ። በዚያው በመልስ 29 ሥር 13ኛው ሰው ገብቶ ጥርሱ በዛ አለ። ሁለቱ በአንድ ነገር የተስማሙት እዚህ ላይ ብቻ ነው፣ ምርጫዬን አልወደዱትም።

መልስ 30። 7ኛው ሰው ተመለሰ፣ ያ ካርታ የሚያስፈልገኝ መሆኑን የነገረኝ። በዚህኛው አልሰደበኝም። ጎማው ጎን ላይ ያለችውን ቀስት እንዳያት ብቻ ጻፈልኝ። ወጣሁ። ተንበርክኬ አየሁ። ቀስቷ ቸርኬው ወደሚዞርበት ሳይሆን ወደ ኋላ ታመለክታለች። ገልብጬ ነው የገጠምኩት።

የፔርኖውን፣ ቸርኬው የሚዞርበትን ዘንግ፣ ዳዶ እየፈታሁ ስልኬ ጮኸ። መልስ 31። ስለ ጎማው ምንም አይልም። ቸርኬው ከወጣ አይቀር ካቴናውን አጥቤው እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።